ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ (ከኖቬምበር 25 ቀን 1887 እስከ ጃንዩዋሪ 26 ቀን 1943) ሩሲያዊ የዕፅዋት፣ የግብርናና የዘር ውርስ ሳይንቲስት ነበር። ሰው የሚያርሳቸው ሰብሎች መጀመሪያ ከየት እንደተነሡ ለማወቅ አምስት አህጉሮችን ዞሮ ዘር የሰበሰበ፣ በሌኒንግራድም በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የነበረውን የሰብል ዘር ክምችት ያደራጀ ሰው ነው። በ1926 መጨረሻና በ1927 የመጀመሪያ ወራት ኢትዮጵያን አቋርጦ ተጉዟል፤ አገሪቱንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ መዝግቧል። አንድ ተክል ከእናቱና ከአባቱ የሚወርሳቸው ሁለት የጂን ቅጂዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ወይም መለያየታቸው የሥራው መሠረት ነበር። ለእስር ያበቃው ክርክርም ቢሆን ከፊሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ ከወሎ የተሰበሰበ አንድ ማሽላ ይህንኑ ጉዳይ እንደገና አስነሥቷል።

በዚህ ገጽ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቫቪሎቭ የተወለደው በሞስኮ ከተማ ነው። አባቱ ኢቫን ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ፣ በልጅነቱ ወደ ሞስኮ መጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ቫቪሎቭ በኋላ ታዋቂ የፊዚክስ ሊቅ ሆኗል። ኒኮላይ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1891 እና 1892፣ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ረኃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። የሩሲያ ገበሬ በድርቅና በዋግ በየጊዜው ሰብሉን የሚያጣበት ዘመን ነበር።

በ1906 ወደ ሞስኮ የግብርና ኢንስቲትዩት ገባ። እዚያ ካስተማሩት መካከል የአፈርና የማዳበሪያ ሊቁ ዲሚትሪ ፕሪያኒሽኒኮቭ ይገኝበታል፤ ይህ መምህር በታሪኩ መጨረሻ ላይ እንደገና ይመጣል። ቫቪሎቭ ትምህርቱን ሲጨርስ ያተኮረው አንዳንድ የስንዴ ዓይነት በዋግ ሲመታ አጠገቡ ያለው ሌላው ለምን እንደሚተርፍ በማጥናት ላይ ነበር። ለዚህም በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ።

ሁለት ቅጂዎች

በእንግሊዝ አገር ቫቪሎቭ የሠራው ከዊልያም ባትሰን ዘንድ ነው። ባትሰን የሜንዴልን ሥራ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ያስተዋወቀ፣ ለአዲሱ ሳይንስም ስም ያወጣለት ሰው ነበር። ጀኔቲክስ የሚለው ቃል የእርሱ ነው። ሆሞዛይገስ እና ሄትሮዛይገስ የሚባሉት ቃላት የተገኙባቸውንም ስያሜዎች በ1902 ያወጣው እርሱ ከባልደረባው ከኢዲት ሳውንደርስ ጋር ሆኖ ነው። ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩ ቃላት ስለሆኑ፣ የቀረውን ታሪክ ለመከተል ትርጉማቸውን እዚህ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ ዘር ለአንድ ባሕርይ ሁለት የጂን ቅጂ ይወርሳል፤ አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት። (ጂን በአማርኛ በራሂ ተብሎም ይጠራል።) ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ተክሉ ለዚያ ባሕርይ ሆሞዛይገስ ነው፤ ከተለያዩ ሄትሮዛይገስ ይባላል። ቅጂዎቹ ሲለያዩ ብዙ ጊዜ አንደኛው ብቻ ይታያል። የሚታየው አውራ፣ የሚሸፈነው ድብቅ ይባላል። ድብቅ ባሕርይ በዓይን የሚታየው ሁለቱም ቅጂዎች ድብቅ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ገብስን እንውሰድ። አብዛኛው ገብስ ሽፋኑ ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መሸክሸክ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ አገር ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዓይነት ግን ሲወቃ ፍሬው ብቻውን ይወጣል። ይህ የመላቀቅ ባሕርይ ድብቅ ነው። ስለዚህ ከሽፋኑ የተላቀቀ ፍሬ የሰጠ የገብስ ተክል ባየን ቁጥር ሁለቱም ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያለ ምንም መሣሪያ እናውቃለን። ሽፋኑ የተጣበቀውን ስናይ ግን እርግጠኛ መሆን አንችልም፤ ሁለት አውራ ቅጂዎች ሊኖሩት ይችላል፣ ወይም አንድ አውራና አንድ የተሸፈነ ድብቅ። ልዩነቱ የሚገለጠው ዘሩ ተዘርቶ ልጆቹ ሲታዩ ነው። ሁለት ሄትሮዛይገስ ወላጆች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ልጆች ሦስቱ አውራውን ባሕርይ፣ አንዱ ድብቁን ያሳያል። ሜንዴል በአተር ላይ ሲሞክር 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተሸበሸበ ፍሬ ቆጥሮ ነበር፤ ሲካፈል ወደ ሦስት ለአንድ በጣም ይቀርባል።

አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ገብስና ስንዴ በአብዛኛው የሚራቡት በራሳቸው የአበባ ዱቄት ነው። ራሱን በራሱ በሚያራባ ሰብል ውስጥ ሄትሮዛይገስ የሆኑት ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፦ ከመቶ 50፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 12.5 እያለ። ከአሥር ትውልድ በኋላ የሚቀረው ከ1,024 አንድ ነው። የድሮ የስንዴ ዘር እያንዳንዱ ተክል ለብቻው ሲታይ ሁለቱም ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ማሳው ግን ብዙ የተለያዩ መስመሮችን በአንድነት ይይዛል። ይህ ቀላል ሒሳብ በኋላ በሞስኮ አዳራሾች ውስጥ የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ።

ቫቪሎቭ ለመጣበት ጉዳይም ይህ ሁሉ ባዕድ አልነበረም። በካምብሪጅ ሮውላንድ ቢፈን የስንዴን ቢጫ ዋግ የመቋቋም ባሕርይ በሜንዴል ሕግ መሠረት እንደሚወረስ፣ እርሱ በሞከራቸው ስንዴዎችም ድብቅ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ስለዚህ በሽታን የሚቋቋም ዘር ከአንድ ሩቅ ማሳ ተገኝቶ ወደ ሌላ ዘር በማዳቀል ሊሻገር ይችላል ማለት ነው። ቫቪሎቭ ከዚህ የወሰደው መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ ጂኖቹ ያሉበት ድረስ ሄዶ መፈለግ።

ዘር ፍለጋ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1916 ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች ተጓዘ። ፓሚር ላይ ያየው አንድ አጃ መሰል ሰብል ለረጅም ጊዜ አእምሮውን ይዞታል፤ በቅጠሉና በአገዳው መጋጠሚያ ላይ ሁልጊዜ የምትገኘው ስስ ምላስ መሳይ ሽፋን አልነበረችበትም። ይህ ድብቅ ባሕርይ ነው። በ1917 በሳራቶቭ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1920 በዚያው ከተማ በተደረገ ጉባኤ ዝምድና ያላቸው ሰብሎች ተመሳሳይ የልዩነት ዝርዝር እንደሚያሳዩ የሚገልጸውን ሕጉን አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት በፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናት ቢሮን መምራት ጀመረ። ይህ ቢሮ አድጎ የሶቪየት ኅብረት የዕፅዋት ኢንዱስትሪ ኢንስቲትዩት ሆነ።

በ1924 አፍጋኒስታንን ተዘዋወረ። በ1926 ስለ ሰብሎች መነሻ ማዕከላት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ አንድ ሰብል በዓይነት እጅግ የበዛበት ቦታ ለማዳ የሆነበት ቦታ ነው የሚል ነው። በዚያው ዓመት በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉትን አገሮች ጀመረ፤ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ አቀና።

ቫቪሎቭ በኢትዮጵያ

በዲሴምበር 1926 ማብቂያ ጅቡቲ ደርሶ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ወጣ። ሐረርን ካየ በኋላ አዲስ አበባ ገባ። ጊዜው የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሲሆን የመንግሥቱን ሥራ የሚመሩት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ነበሩ። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋግረውታል፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ብዙ ጠይቀውታል። የጉዞ ፈቃድ ከተሰጠው በኋላ በቅሎዎችና ሰዎች አሰናድቶ መንገድ ጀመረ። አንኮበርን፣ የዓባይን ሸለቆ፣ ጎንደርንና አክሱምን አይቶ በኤርትራ በኩል ወጣ።

ያየው ነገር አስደነቀው። በአውሮፓ አንድ የስንዴ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ነው። እዚህ ግን በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ስንዴ ተቀላቅሎ ቆሟል፤ ጺም ያለውና ጺም የሌለው ጎን ለጎን ነው። ማካሮኒ ከሚሠራበት ጠንካራ ስንዴ ወገን ጺም የሌለው ማግኘቱን እንደ ትልቅ ግኝት ቆጥሮታል። ፍሬው ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ጥቁር ስንዴም የኢትዮጵያ ልዩ መታወቂያ ነው። ገብሱ፣ ጤፉ፣ ኑጉ፣ ማሽላው ሁሉ በየከረጢቱ እየተቋጠረ ወደ ሌኒንግራድ ሄደ። በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ራሱን የቻለ የጥናት ሥራ አሳትሟል።

ይህን ብዝኃነት ለመረዳት መልክዓ ምድሩን ማየት ይበቃል። በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌና ወደ አምባሰል አቀበት የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ማሽላ ከሚዘራበት ቆላና ወይና ደጋ ተነሥቶ ገብስና ባቄላ ወደሚዘራበት ደጋ ይደርሳል። እያንዳንዱ ተዳፋት የራሱ ውርጭ፣ የራሱ ዝናብ፣ የራሱ ተባይ አለው። ቫቪሎቭ የሰብል ማዕከላት ሁሉ ተራራማ አገሮች መሆናቸውን ደጋግሞ የጻፈው ከንቱ አልነበረም።

ከጉዞው እንደተመለሰ በ1927 በበርሊን በተደረገው አምስተኛው ዓለም አቀፍ የጀኔቲክስ ጉባኤ ላይ አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። አንድ ሰብል በተነሣበት ማዕከል አውራ ጂኖች ይበዛሉ፤ ከማዕከሉ በራቁ ደሴቶች፣ ተራሮችና የተገለሉ ሸለቆዎች ግን ድብቅ ባሕርያት ይወጣሉ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥቂት ዘር ይዞ ወደ ሩቅ ቦታ የሄደ ሰብል እርስ በርሱ እየተራባ ስለሚቀር ሁለት ድብቅ ቅጂዎች የመገናኘት ዕድላቸው ይጨምራል። የፓሚሩ ሰብል ለዚህ ጥሩ ምሳሌው ነበር። በዚህ ሐሳብ መሠረት ከካርታ ላይ የጂኖችን ስርጭት እያነበቡ ወደ መነሻው መጓዝ ይቻላል።

ሐሳቡ ውብ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን አልሠራም። የስንዴና የገብስ የዱር ቅድመ አያቶች በኢትዮጵያ እንደማይገኙ ከታወቀ በኋላ ለእነዚህ ሁለት ሰብሎች ኢትዮጵያ የመጀመሪያ መነሻ ሳትሆን ሁለተኛ ማዕከል ናት ተብሏል። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ግን በማዕከልነቷ ጸንተው ቀርተዋል።

ከሊሴንኮ ጋር የተደረገው ክርክር

ቫቪሎቭ በ1929 የሌኒን የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት ምዕራባዊ ቻይናን፣ ጃፓንንና ኮሪያን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካን ዞረ። አገሩ ግን በዚህ ጊዜ በግዳጅ በተመሠረቱ የጋራ እርሻዎችና በብርቱ ረኃብ ውስጥ ነበረች። መንግሥት በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ አዲስ ምርጥ ዘር ፈለገ። ሁለቱን ቅጂዎች አንድ ዓይነት አድርጎ ዘርን ለማጥራት ብቻ ከስምንት እስከ አሥር ትውልድ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሳይንቲስት ይህን ቃል መግባት አይችልም። ቃሉን የገባው ትሮፊም ሊሴንኮ ነበር።

ሊሴንኮ ዘርን በማቀዝቀዝ የአበባ ጊዜን በማፋጠን ዘዴ ስሙ የወጣ የግብርና ባለሙያ ነበር። መጀመሪያ ላይ ቫቪሎቭ ራሱ አበረታቶታል፤ በዚህ ረገድ ቫቪሎቭ የሰው ግምቱ ልክ አልነበረም። ሊሴንኮ ከ1935 ጀምሮ የድሮ የስንዴ ዘሮች ራሳቸውን በራሳቸው በማራባታቸው ስለሚያረጁ በአንድ ዘር ውስጥ ያሉ ተክሎች እርስ በርስ መዳቀል አለባቸው ማለት ጀመረ። በብዙ የጋራ እርሻዎች ገበሬዎች መቀስና ወረንጦ እየተሰጣቸው የስንዴ አበባ እንዲከፍቱ ተደረገ። የጀኔቲክስ ሰዎች መልስ አጭር ነው። ዘሩ ጠርቶ ሁሉም ተክሎች አንድ ዓይነት ሁለት ቅጂ ከያዙ፣ አንዱን ከሌላው ማዳቀል የሚጨምረው አዲስ ነገር የለም። ዴንማርካዊው ዮሃንሰን በባቄላ መሰል ሰብል ላይ ይህንኑ በ1903 አሳይቶ ነበር። በዲሴምበር 1936 በተደረገው ታላቅ የአካዳሚው ስብሰባ ክርክሩ ወደ ግልጽ ጠብ ተለወጠ። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዝዳንት ሲሆን ቫቪሎቭ በራሱ ተቋም ውስጥ የበታች ሆነ።

የሦስት ለአንዱ ሒሳብም ተከሰሰ። ከሊሴንኮ ወገን የሆነች ኤርሞላዬቫ የተባለች ተመራማሪ በ1939 የአተር ሙከራ ውጤት አሳትማ፣ ቁጥሮቹ ከቤተሰብ ቤተሰብ ስለሚለያዩ የሜንዴል ሕግ ሐሰት ነው አለች። የሒሳብ ሊቁ አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ በ1940 ያንኑ የእርሷን ቁጥር ወስዶ እንደገና አሰላው። ሳንቲም መቶ ጊዜ የወረወረ ሰው በየጊዜው ልክ 50 አንበሳ አያገኝም፤ ካገኘማ የሚያጠራጥረው ያኔ ነው። ኮልሞጎሮቭ የኤርሞላዬቫ ቁጥሮች የሚለያዩት ዕድል በሚፈቅደው መጠን ብቻ እንደሆነ፣ ስለዚህም ሜንዴልን የሚያፈርሱ ሳይሆን የሚያጸኑ መሆናቸውን አሳየ። የዕድል ሒሳብ ለሚማር ሁሉ ከሚጠቀሱ ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ለቫቪሎቭ ግን የሚያድን አልሆነም።

በ1937 በሞስኮ ሊደረግ የነበረው ዓለም አቀፍ የጀኔቲክስ ጉባኤ ተሰረዘ። በ1939 በኤዲንብራ ሲደረግ ቫቪሎቭ ፕሬዝዳንት እንዲሆን ተመርጦ ነበር፤ ከአገር እንዳይወጣ ስለተከለከለ ወንበሩ ባዶ ቀረ።

እስራትና ሞት

ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ለመሰብሰብ በተሰማራበት፣ በቼርኒቭትሲ አካባቢ ተያዘ። ለወራት ሌሊት ሌሊት ተመረመረ። ጁላይ 9 ቀን 1941 በደቂቃዎች ባለቀ ችሎት በስለላና ግብርናን በማፍረስ ወንጀል ሞት ተፈረደበት። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቀርብ እስረኞቹ ተዛወሩ፤ ቫቪሎቭም ወጣት ፕሮፌሰር ሆኖ ወዳስተማረባት ወደ ሳራቶቭ ተወሰደ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አብረውት ለታሰሩት ስለ ዕፅዋት ትምህርት ይሰጥ እንደነበር ይታወቃል። የቀድሞ መምህሩ ፕሪያኒሽኒኮቭ ብቻውን ለባለሥልጣናት አቤት ይል፣ እስረኛውን ለመንግሥት ሽልማት እስከማጨት ይደርስ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ ራስን ለሞት ማቅረብ ነው። በ1942 ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስር ተቀየረ፤ በዚያው ዓመት የለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል አድርጎ መረጠው። ጃንዩዋሪ 26 ቀን 1943 በረኃብ በተዳከመ ሰውነት በእስር ቤቱ ሞተ። በሳራቶቭ መቃብር ከሌሎች እስረኞች ጋር ተቀበረ።

ሚስቱ የምስር ዘር ተመራማሪዋ የሌና ባሩሊና ከልጃቸው ከዩሪ ጋር በጦርነቱ ምክንያት በዚያችው በሳራቶቭ ተጠልላ ነበር። ባሏ እዚያው ከተማ ውስጥ መታሰሩን አታውቅም ነበር።

በዚህ ጊዜ በተከበበችው ሌኒንግራድ የኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች ክምችቱን ሲጠብቁ በረኃብ እየሞቱ ነበር። የሩዝ ክምችት ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች መካከል ሞተ። የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪንም እንዲሁ። ከኢትዮጵያ የሄደው ዘር በነበረበት ሕንፃ ውስጥ ማለት ነው።

ስሙ መመለስና መጽሐፉ

ጀኔቲክስ በሶቪየት ኅብረት በ1948 በይፋ ታገደ። ስታሊን ከሞተ በኋላ፣ በኦገስት 1955፣ በቫቪሎቭ ላይ የተሰጠው ፍርድ ተሰረዘ። ሊሴንኮ ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ተደማጭ ሆኖ ቆይቷል። ቫቪሎቭ ስለ ጉዞዎቹ የጻፈው አምስት አህጉሮች የተሰኘ መጽሐፍ ብዙ ክፍሉ ጠፍቶ፣ ጸሐፊው ደብቃ ያቆየችው በ1962 ታተመ። የኢትዮጵያ ጉዞው ከተረፉት ምዕራፎች አንዱ ነው። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የወሎው ማሽላ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የማሽላን ዋና ጉድለት የሚያርም ዘር ይፈልጉ ነበር። ማሽላ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ላይሲንን የሰው አካል መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት፤ በማሽላ ብቻ የሚያድግ ሕፃን በዚህ ይጎዳል። ከዓለም ክምችት 9,000 የሚያህሉ የማሽላ ዓይነቶች ተመረመሩ። ከእነዚህ ሁሉ ላይሲናቸው ጎልቶ የወጣው ሁለት ብቻ ሆኑ። ሁለቱም የተሰበሰቡት ከወሎ ነበር።

በተራ ማሽላ ከመቶ ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲን 2 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በሁለቱ የወሎ ዓይነቶች ከ3 ግራም በላይ ነበር። አጠቃላይ የፕሮቲን መጠናቸውም ከፍ ያለ ነው። ሲዳቀሉ ደግሞ ባሕርይው በአንድ ድብቅ ጂን እንደሚወረስ ታወቀ። ፍሬው ላይሲን የሚያበዛው ቅጂዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ድብቅ ሲሆኑ ብቻ ነው። ጥናቱ የታተመው በ1973 ነው። ያው ዓመት ወሎ በረኃብ ያለቀበት ዓመት ነው።

ይህ ድብቅ ጂን የተገኘው ከሩቅ ደሴት ወይም ከተገለለ ሸለቆ አልነበረም። ማሽላ ለማዳ ከሆነበት ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ ዓይነቱ ከበዛበት ማሳ መሃል ነው የመጣው። በቫቪሎቭ የ1927 ሐሳብ መሠረት እዚህ መውጣት አልነበረበትም። ቫቪሎቭ የተሳሳተው በምን ላይ እንደሆነ የወሎ ገበሬ አሠራር ይናገራል፤ መገለል ብቻ ሳይሆን የሰው ምርጫም ሁለት ድብቅ ቅጂዎችን ያገናኛል።

ዶክተር ብርሃነ ገብረ ኪዳንና ዶክተር ይልማ ከበደ ይህን ማሽላ በተመለከተ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ የወሎ ገበሬዎች ዘሩን ለብቻው ሳይሆን ከሌላ ማሽላ ጋር ቀላቅለው ይዘሩታል፤ ዛላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቆርጠው እሸቱን ጠብሰው ይበሉታል። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። ከስሞቹ አንዱ ወተት በጉንጬ ነው። ስለ ላይሲን የሰማ ሰው ሳይኖር ለዚህ ማሽላ የወተት ስም ያወጣ ሰው በደንብ ቀምሷል ማለት ነው። ፍሬው ሲደርቅ እንደ ተራው ማሽላ አይሞላም፤ ይጨማደዳል፣ ይቀላል። ምርቱም ያንሳል። በጎተራ ብዛት ብቻ የሚለካ ሰው ከማሳው ያስወግደው ነበር።

የተጨማደደው ፍሬ ግን ለገበሬው ጥቅምም አለው። እንደ ገብሱ ምሳሌ፣ ድብቁ ባሕርይ ከታየ ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የማሽላ ፍሬ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ የፍሬው ዱቄታማ ክፍል ሁለት ሳይሆን ሦስት ቅጂ ይይዛል፣ ሁለቱ ከእናት አንዱ ከአባት። ስለዚህ ከጎረቤት ተራ ማሽላ የመጣ የአበባ ዱቄት ያረፈበት ፍሬ በዚያው ዛላ ላይ ሞልቶ ይታያል። በተጨማደዱት መካከል የሞሉ ጥቂት ፍሬዎች ካሉ እነርሱ ድቅሎች ናቸው። ማሽላ በአብዛኛው በራሱ ስለሚራባ እነዚህ ጥቂት ናቸው። ለዘር የሚሆነውን ዛላ ከመታጨዱ በፊት ማሳው ላይ መርጦ ለይቶ ማስቀመጥ የወሎ ገበሬ የቆየ ልማድ ነው። የተጨማደደ ዛላ እየመረጠ የሚያስቀምጥ ሰው በየዓመቱ ሁለቱም ቅጂዎቹ ድብቅ የሆኑትን እየለየ ነው።

ወተት በጉንጬን ከምርት ብዛት ጋር ለማዋሐድ የተደረጉት የማዳቀል ሙከራዎች አስቸጋሪ ሆነዋል፤ ፍሬው እንዲሞላ ሲደረግ ላይሲኑ እየቀነሰ ነው የሚመጣው። የገብስ ታሪክ ይሻላል። ከ1937 እና 1938 ጀርመናውያን ከኢትዮጵያ ከሰበሰቡት ገብስ አመዳይ የሚመስለውን የቅጠል በሽታ የሚከላከል ድብቅ ጂን ተገኝቶ፣ በሁለት ቅጂ የያዙት ዘሮች ዛሬም በአውሮፓ ማሳዎች ላይ ይዘራሉ።

በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻ ነው። ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1984ቱ ረኃብ ገበሬው የዘር እህሉን ለመብላት በተገደደበት ጊዜ ባለሙያዎቻቸውን ወደ ወሎና ሌሎች አካባቢዎች አሰማርተው የገበሬ ዘሮች ጨርሰው ሳይጠፉ አሰባስበዋል። ድብቅ ጂን ከአንድ አካባቢ ሲጠፋ በዓይን የሚያስታውቅ ነገር የለም፤ በአብዛኛው ተክል ላይ ቀድሞም አይታይም ነበርና። ከወሎ የተሰበሰበው ማሽላ ዛሬ በኢትዮጵያና በውጭ አገር ባሉ የዘር ባንኮች ይገኛል።